አኩሪ አተሩን ስቀንስ ዶሮዎቼ ይበላሉ እንጂ ማደግ ተዉ፤ የእንቅርት ዕጢ ነው?

ጀማሪው (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮብ 500 የሚባለውን ዝርያ 200 የሥጋ ዶሮ ይዣለሁ፤ አራት ሳምንት ሞላቸው። የአኩሪ አተር ፋጉሎ ዋጋው አልቀመስ ሲለኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀመሩን ነካካሁት። ድሮ በኩንታል 60 ኪሎ በቆሎ፣ 6 ኪሎ ፉርሽካ፣ 30 ኪሎ ፋጉሎ ነበር። አሁን በቆሎው 70፣ ፉርሽካው 10፣ ፋጉሎው 16 ነው። የቀረው 4 ኪሎ እንደ በፊቱ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ)፣ ኖራና ጨው።

ጉዱን ልንገራችሁ። መኖው ከበፊቱ ቶሎ ያልቃል፤ ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ግን ምንም የለም። ትናንት አንዱን አርጄ ስከፍተው ሆዱ ውስጥ ጭብጥ የሚያህል ጮማ! ቀትር ላይ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የእንስሳት ሳይንስ የሚማር የአክስቴ ልጅ "የታይሮይድ ሆርሞናቸው ተነክቶ ነው" አለኝ፤ ታይሮይድ ያው የእንቅርት ዕጢ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ልጨምር? ወይስ እየቀለደብኝ ነው?

ቆላ ዶሮ፦
ጨምር ወንድሜ። እንቅርት የሚመጣው አዮዲን ሲያጥር አይደል? ጨው ደግሞ ርካሽ ነው።

እትዬ ቄብ፦
ኧረ በማርያም! ጨው ላይ እጅህን ሰብስብ ልጄ። ለኩንታል 300 ግራም ገደማ ይበቃል። ሲበዛ ውሃ ይጠጡልሃል፣ ኩሳቸው ይቀጥናል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ ከዚያም አልፎ ይገድላቸዋል። እኔ አንዴ ሁለት ጊዜ ጨምሬበት የደረሰብኝን አልነግርህም።

መኖ ቀማሚ፦
የአክስትህ ልጅ አልቀለደብህም። ግን ነገሩ አንተ እንዳሰብከው አይደለም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በቆሎ 8.5 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ፉርሽካ 15፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 44። የድሮው ቀመርህ 19 በመቶ ይሰጣል፤ ለዚህ ዕድሜ ደህና ነው። አዲሱ 14.5 ነው። ይህ ለእንቁላል ጣይ እንኳን ያንሳል።

አሁን ወደ ዕጢው። የእንቅርት ዕጢ በብዛት የሚያወጣው ቲ4 የሚባለውን ነው፤ አራት አዮዲን የተሸከመ ማለት ነው። ጉበትና ሌላው አካል አንዷን አዮዲን ይነቅልና ቲ3 ያደርገዋል። ሥራውን የሚሠራው ይሄኛው ነው፤ ሰውነት ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል የሚወስነው በዋናነት እሱ ነው።

ዶሮ ጨርሶ ስትራብ ቲ3 ይወርዳል። ሰውነቷ ይቆጥባል። ያንተ ዶሮዎች ግን አልተራቡም፤ በቆሎ ሞልቷቸዋል፣ የጎደላቸው ፕሮቲን ነው። በሥጋ ዶሮ ላይ ሲለካ በዚህ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ቲ3 ከፍ ይላል። የጎደላትን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበትን) ለማግኘት ብዙ ትበላለች፤ አብሮ የሚገባው የበቆሎ ጉልበት ግን ሥጋ መሆን አይችልም። ከፊሉ ጮማ ይሆናል፣ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አይጥም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ አይጥ ሙቀት የምታነድበት ቡናማ ስብ አላት፣ ዶሮ ግን የላትም።

ስለዚህ ዕጢው አልታመመም። አንተ የሰጠኸውን መኖ ተከትሎ ነው የሠራው። ጨው አትጨምር፤ ወደ ድሮው ቀመር በሦስት አራት ቀን ቀስ እያልክ ተመለስ።

ጫጩት ነጋዴ፦
ይቅርታ፣ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ፕሮቲን ራሱ ሙቀት ያበዛል፣ በሙቀት ጊዜ ቀንሱ ይባላል። ሐዋሳ ደግሞ አሁን ይሞቃል። ማንን እንመን?

መኖ ቀማሚ፦
ጥሩ ነጥብ ነው። ከስታርችና ከዘይት ይልቅ ፕሮቲን ሲፈጭ ብዙ ሙቀት ይወጣል፤ እውነት ነው። ትርፍ አሚኖ አሲድም ዩሪክ አሲድ ሆኖ እስኪወጣ ጉልበት ይበላል። ግን መቀነስ ያለበት ትርፉ ነው። ፋጉሎውን ዝም ብለህ ስትቆርጥ ላይሲንና ሜቲዮኒን የሚባሉት አሚኖ አሲዶችም አብረው ይቆረጣሉ። ጥቂት መቀነስ የፈለገ ሁለቱን በዱቄት ገዝቶ ይሙላ። ከ19 ወደ 14.5 መውረድ ግን በላይሲን ብቻ አይጠገንም።

እትዬ ቄብ፦
ከቀትር በፊት መኖውን አንሣባቸው፣ ሲበርድ መልስላቸው። ጠዋት በጊዜ፣ ከዚያ ማታ። ቀዝቃዛ ውሃ አይጥፋ። ማለክለኩ በዚህ ይቀንሳል።

ጀማሪው (ሐዋሳ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ። ፋጉሎውን በከፊል በኑግ ፋጉሎ ብተካስ? የጎመንዘር ፋጉሎም በርካሽ አግኝቻለሁ።

መኖ ቀማሚ፦
ኑግ ይቻላል፤ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ግን ገለባው ብዙ፣ ላይሲኑ ትንሽ ነው። ለሥጋ ዶሮ በኩንታል ከ5 ኪሎ ባታልፍ ደስ ይለኛል።

ጎመንዘሩን ተወው። እንቅርት የምትፈራ ከሆነ መፍራት ያለብህ እሱን ነው። ውስጡ ያለው ግሉኮሲኖሌት የሚባል ንጥረ ነገር ዕጢው አዮዲንን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ዕጢውም ያብጣል። ስታርድ አንገቱ ሥር፣ ደረቱ መግቢያ ላይ፣ ከደም ሥሩ ጎን ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀላ ያሉ ፍሬዎች ታያለህ። ዕጢው እነሱ ናቸው። አኩሪ አተር ጥሬውን የምትገዛ ከሆነም ሳይቆላ አትስጥ።

ፕሪሚክስህ ላይ ደግሞ ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን መኖሩን አንብብ። ቲ4ን ቲ3 የሚያደርገው ኢንዛይም ያለ እሱ አይሠራም።

ጀማሪው (ሐዋሳ)፦
ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ወደ ድሮው ቀመር ገብቻለሁ። የሚበሉት ቀነሰ፣ ኪሎ መጨመርም ጀመሩ። ቀትር ላይ መኖ ማንሣቱ በጣም ረድቶኛል። ሴሊኒየሙም አለ። ግን ዛሬ ያረድኩት ሆዱ ውስጥ ጮማው እንዳለ ነው። አይጠፋም?

እትዬ ቄብ፦
የተጠራቀመው በዘጠኝ ቀን የት ይሄዳል ልጄ። ገዢ ሳያይ አውጣውና ለወጥ አቅልጠው።