ትምህርት ቤቱ «እንግሊዝኛ ይልመድ» ብሏል፣ አያት «ለግሸን አምጡት» ብለዋል

የጦሳ ልጅ፦
ወገኖች ጤና ይስጥልን፣ አሰላሙ አለይኩም። ከወልድያ በዲቪ አሜሪካ ለመጡ ቤተሰብ ነው የምጠይቀው። ልጁ 5 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ቃል አያገጣጥምም። መምህርቷን ሲያነጋግሩ «እንግሊዝኛ እስኪለምድ አንድ ዓመት እንጠብቅ» ተባሉ። እናቱ «አንዴ ከተጻፈበት አይፋቅም፣ ለወረቀታችንም ይተርፋል» ብላ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ምዘና መፈረም ፈርታለች። አያቱ ደግሞ ተስለዋልና ለመስከረም 21 ግሸን አምጡት ብለው ደጋግመው ይደውላሉ። ሦስት ሳምንት ሄደው ቢመለሱ ምን ይጎድላል?

ቦርከና፦
«እንጠብቅ» የሚለውን አትቀበሉ። አይዲኢኤ የሚባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ሕግ ከ3 እስከ 21 ዓመት ያለውን ልጅ ይመለከታል። እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን ልጁን አካል ጉዳተኛ አያሰኘውም፣ ምዘናውን ለማዘግየት ግን ምክንያት አይሆንም።

ስህተቱ በቃል መጠየቁ ነው። ደጃፍ ላይ ለተነገረ ነገር ቀን አይቆጠርም። ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፉ፦ የልጁ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ክፍሉ፣ ቀኑ፣ ከዚያም «በአይዲኢኤ መሠረት በንግግር፣ በመስማት፣ በመማር ችሎታና በሚያጠራጥረው ሁሉ ሙሉ ምዘና እንዲደረግለት እንጠይቃለን» የሚል። በኢሜይል ለርእሰ መምህሩም ለዲስትሪክቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍልም ይላኩት፣ የተላከውን አይሰርዙ። አንመዝንም ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ያ ጽሑፍ ለአቤቱታ ይጠቅማል።

እሺ ካሉ የፈቃድ ቅጽ ይመጣል። በፌዴራሉ ሕግ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላቸው፣ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። ብቁ ነው ከተባለ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ አይኢፒ፣ ማለትም ለልጁ ለብቻው የሚዘጋጀውን የትምህርት ዕቅድ፣ ለመጻፍ ስብሰባ ይጠራል።

የእናቲቱን ፍርሃት በተመለከተ፣ ለምዘና መፈረም ለአገልግሎት መፈረም አይደለም። አገልግሎቱ ሲጀመር ሌላ ፊርማ ይጠየቃል፣ እሱንም በኋላ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላለች። በፈረንጁ 1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅ እንኳ ከትምህርት እንዳይከለከል ወስኗል፤ እነዚህ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የገቡ ናቸው።

ደጋን፦
ቤት ውስጥ አማርኛውን ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያወሩትስ? ልጁ እኮ ግራ ገብቶት ይሆናል።

እቴ ሐይቅ፦
የኔ ወንድም፣ እንዲህ ያለ ምክር ነው ልጆቻችንን የሚጎዳው። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም። እናትና አባት በማይኮላተፉበት ቋንቋ ያጫውቱት። ዋናው ጥያቄ በአማርኛውስ እንዴት ነው የሚለው ነው። በአማርኛም ዓረፍተ ነገር ካልሠራ የእንግሊዝኛ ማነስ አይደለም፣ ስብሰባው ላይም ይህን አስረግጠው ይናገሩ። በስንት ወሩ «ውሃ» አለ? ሲጠሩት ይዞራል? ከፊቱ ያለውን በጣት ያሳያል? ጽፈው ይሂዱ።

ምዘናው የሚሠራው ልጁ ችሎታውን በሚያሳይበት ቋንቋ ነው፤ ከሚሴ ወገን ሆነው ቤት ውስጥ ኦሮምኛም ካለ ያንንም ያስመዝግቡ። ለአይኢፒ ስብሰባው አስተርጓሚ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ በነጻ። ታላቅ እህት ካለችው እሷ እንዳታስተረጉም። በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ፈተና በአስተርጓሚ ተሰጥቶ የወጣን ቁጥር እንደ ሙሉ ውጤት አይቀበሉ፣ «እንዴት ነው የተሰጠው?» ይበሉ። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። ብዙ ዘገየ የሚባል ልጅ በደንብ ሳይሰማ ቀርቶ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ያክብርልን። ጉዞውስ?

ቦርከና፦
እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከፈረሙ በኋላ ወላጅ ልጁን በተደጋጋሚ ለምዘና ካላቀረበ የ60 ቀኑ ግዴታ ይቀራል። መስከረም 21 በፈረንጁ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው፣ ማለትም ልክ መምህራኑ የሚመዝኑበት ወቅት። ብዙ ቀን ከቀረም ትምህርት ቤቱ ከመዝገብ ሊያወጣው ይችላል።

አዝዋ፦
እንግዲያ ደብዳቤውን አሁን ልከው፣ ቅጹን ከግሸን ሲመለሱ ይፈርሙ። ቀኑ ያኔ ይጀምራል።

ቦርከና፦
እንደ ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ ከፊርማ ሳይሆን ጥያቄው ከደረሰበት ቀን 65 የሥራ ቀን ነው የሚቆጥረው። ሰዎቹ የት ስቴት ነው ያሉት?

ደጋን፦
የሦስት ሰው ቲኬት እኮ ነው! ያን ብር ለአያቲቱ ይላኩላቸው። ጧፉን ዣንጥላውን ገዝተው ራሳቸው ግሸን ይውጡ፣ ስለቱ ገባ ማለት ነው።

አዝዋ፦
«ልጁን ይዤ እሳለማለሁ» ብለው ከተሳሉ ብር አይተካውም። አምባሰል ሥር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። እኚያ እናት የልጅ ልጃቸውን በስልክ መስታወት ብቻ አይተው እንዲሞቱ ነው የምትፈርደው?

ደጋን፦
እኔ የምፈርደው ለልጁ ነው። በዚህ ዕድሜ የጠፋ ዓመት አይመለስም።

እቴ ሐይቅ፦
ሁለታችሁም ተረጋጉ። ማርያም በየወሩ 21 ናት። ሰኔ 21 ደግሞ ራሱ ዓመታዊ በዓል ነው፣ በፈረንጁ ጁን 28፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ያኔ ይውሰዱት።

አዝዋ፦
በሰኔ ጭቃ፣ ያን አቀበት፣ በ5 ዓመት ልጅ? ደግሞ የተሳሉት ለመስከረሟ ነው፣ እቴ።

እቴ ሐይቅ፦
አያቲቱን ማን ጠየቃቸው? እስቲ መጀመሪያ ይደወልላቸው።