ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከሰውና ከድምፅ ጋር እንዴት ይላመድ?

የሰሚቷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ወንድ ቡችላ ወደ ቤታችን መጥቷል። ቡቺ ብለው ስም ያወጡለት ልጆቼ ናቸው። ሲመጣ ስምንት ሳምንቱ ነበር። የመጀመሪያውን ጥምር ክትባት ወስዷል፣ የትል መድኃኒትም ተሰጥቶታል። የከተበው ሐኪም «ሁሉንም ሳይጨርስ ከግቢ እንዳይወጣ፣ ሌላ ውሻም እንዳይጠጋው» ብሎ ሸኘኝ። የመጨረሻው ክትባት መስቀል አካባቢ ነው የሚውለው።

ጭንቀቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ባለፈው ዓመት ቡችላቸው ፓርቮ በሚባለው የውሻ ተቅማጥ በሽታ ሞቶባቸዋል። የሰፈሩ ባለቤት አልባ ውሾችም ማታ ማታ ገንዳው ጋ ይሰበሰባሉ። ሁለተኛ፣ ቡቺ ከአሁኑ ፈሪ እየሆነ ነው። ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል፤ አንዱ በጮኸ ቁጥር ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ይወሸቃል። አባቴ ጋቢ ለብሰው ሊጠይቁን ሲመጡ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጮኸባቸው። ጃንጥላ ሲዘረጋማ አይጣል ነው። ሆያ ሆዬ የሚሉት ዱላቸውን እየደበደቡ ሲገቡ ምን ሊሆን ነው? ቡሄ ደግሞ ሳምንት ነው የቀረው። እናቴ «ውሻ ቤት አይገባም» ባይ ስለሆነች የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ ዘግቼው ልጠብቅ ወይስ ምን ላድርግ?

ጋሽ ብዙ ያየ

ልጄ፣ ውሻ የሚያዘው ለሌባ ነው። ይጩኽ እንጂ፣ መጮኹማ ደግ ነው። ቀን ቀን ጨለም ያለ ቦታ እሰሪው፣ ሰው አታሳዪው፣ ሌሊት ልቀቂው። በርበሬ ነገር በምግቡ ጣል ካደረግሽበት ደግሞ ኃይለኛ ይወጣዋል። እኛ እንዲህ ነው ያሳደግነው፤ በግቢያችን ዶሮ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም።

ባለ ስቴትስኮፑ

እህቴ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ተምሬ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ሐኪምሽ ልክ ነው፣ ግን ነገሩን ሳይጨርስልሽ ነው የሸኘሽ። ቡቺ መርገጥ የሌለበት ሌላ ውሻ የተጸዳዳበት መሬት ነው። ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት ግን አልተከለከለም። እቅፍሽ አለ፤ ዘንቢልም የማይጠፋ ነገር ነው።

ክትባቱ ለምን እንደሚደጋገም ላስረዳሽ፤ ይህን ሳያውቁ አንዴ አስወግተው «ተከትቧል» እያሉ መንገድ ለመንገድ የሚያስከትሉት ብዙ ናቸው። ቡችላ ከእናቱ እንገር መከላከያ ያገኛል። ያ መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ይጠብቀዋል፣ የምንወጋውን ክትባት ግን ያከሽፍብናል። መቼ እንደሚያልቅ በዓይን አይታይም፣ ከቡችላ ቡችላም ይለያያል። ስለዚህ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምረን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየደገምን 16 ሳምንት እስኪሞላው እንሄዳለን። የእናቱ አልቆ የክትባቱ ገና ያልያዘበት ጊዜ መሃል ላይ ይኖራል። ፓርቮ ሰተት ብሎ የሚገባው ያኔ ነው።

ክፋቱ የቡችላ ጠባይ የሚቀረጸውም በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ቢበዛ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ያየውን ነገር በቀላሉ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚገጥመውን አዲስ ነገር በፍርሃት ነው የሚያየው፤ መማር ይችላል፣ ግን ብዙ ያደክማል። መስቀል እስኪደርስ ዘግተሽ ከጠበቅሽ ክትባቱ ሲያልቅ ጊዜውም አብሮ ያልቃል።

ስለ ፓርቮ እንነጋገር፣ ጎረቤትሽ ቤት ስለነበረ። የሚተላለፈው በታመመ ውሻ ሰገራ ነው። ሰገራው በዝናብ ታጥቦ ከጠፋ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ጥላ ያለበት እርጥብ ቦታ ከሆነ ዓመትም ሊዘልቅ ይችላል። በጫማ፣ በመኪና ጎማ፣ በእጅ ይገባል፤ የክረምቱ ጭቃ ደግሞ ሥራውን ያቀልለታል። የውጭ ጫማ በር ላይ ይቅር፣ ግቢ ውስጥ ሌላ ነጠላ ጫማ ይኑራችሁ። በረንዳውን መጀመሪያ በሳሙና አጥበሽ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበት፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ፣ ቡቺም ሳይደርቅ አይርገጠው። አፈርና ሣር ላይ ግን በረኪና ማፍሰስ ትርፉ ሣሩን ማቃጠል ነው። አልኮልና የእጅ ሳኒታይዘርም ለፓርቮ አስተማማኝ አይደሉም። ከጎረቤት አጥር ሥር ወደ እናንተ የሚወርድ ውሃ ካለ ያንን ጥግ በቆርቆሮ ከልዪው።

አሁን ወደ ዘንቢሉ። ፎጣ አንጥፊበትና ቡቺን ጭንቅላቱ ብቅ እንዲል አድርገሽ አስቀምጪው። በርጩማ አውጥተሽ የግቢው በር ላይ ዘንቢሉን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ተቀመጪ። ከዚያ ሰሚት ራሱ ያስተምረዋል፦ ባጃጁ፣ «ቆራሌው» ባዩ፣ ሲሚንቶ የተጫነ አህያ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ፣ የራስ ቁር ያደረገ ባለሞተር። አንድ ነገር ባየ ቁጥር ቁራሽ አጉርሺው። ፍልሰታ ነው፣ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም ትዪ ይሆናል፤ ዳቦም ይበላል፣ ለሱ በዓል ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ረጅም ጊዜ ማቆየት ያሰለቸዋል። ሰው ሊዳብሰው ሲመጣ ቡቺ ራሱ አንገቱን ይዘርጋ እንጂ ማንም ጎትቶ አያውጣው። የሚነካውም ሰው እጁን ይታጠብ፣ በተለይ ቤቱ ውሻ ያለው ከሆነ።

መብዛቱን የምታውቂው በአፉ ነው። የሚወደውን ዳቦ አፍንጫው ሥር አድርገሽለት ፊቱን ካዞረ ነገሩ በጣም ቀርቦታል ማለት ነው፤ ተነሽና ራቂ። ጅራቱን ከሆዱ ሥር መቆለፍ፣ ሳይርበው አፍንጫውን ደጋግሞ መላስ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋትም የፍርሃት ምልክቶች ናቸው። «ይልመደው» ብሎ እየተንቀጠቀጠ ማቆየት ፍርሃቱን ያጸናዋል።

ለቡሄ ዛሬውኑ ጀምሪ። ከሰፈሩ ልጆች ሁለቱን ጥሪ፣ ጫማቸውን ያውልቁ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው አጠገቡ ይቀመጡና ሙልሙል ያጉርሱት። ቡቺ ዱላውን አሽትቶ ከናቀው አንዱ ልጅ ዱላውን አንስቶ ዝም ብሎ ይያዘው። በሌላ ቀን መሬቱን ነካ ነካ ያድርግበት፣ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ያለ ዘፈን። ጅራፉንም እንዲሁ፤ ልጁ ከመንገዱ ማዶ ርቆ ሲያጮኸው አንቺ እዚህ አጉርሺው። ድምፁ ቀድሞ ጉርሻው ይከተል፣ አይገለባበጥ። በዕለቱ ግን ጀግና አታድርጊው። ጨፋሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሰርቪስ ቤት አስገቢው፣ ሬዲዮ ክፈቺለት፣ የሚያኝከው ነገር ስጪው፣ አንድ ሰው አብሮት ይሁን። ጨፋሪው ከአሥር ግቢ ጭቃ ረግጦ ነው የሚመጣው፤ ቡቺ እግሩ ሥር ባይሆን ይመረጣል።

ሌላ ውሻ ማየትም ያስፈልገዋል። ዘመድ ቤት የተረጋጋ፣ ክትባቱ የተሟላ አዋቂ ውሻ ካለ፣ ካርዱን በዓይንሽ አይተሽ፣ እዚያ ግቢ የታመመ ውሻ እንዳልነበረም ጠይቀሽ አገናኛቸው። የጎረቤቶችሽ ግቢ ግን አይሆንም፣ ዘንድሮ አዲስ ውሻ ቢያመጡም። የገንዳዎቹን ውሾች ከእቅፍሽ ሆኖ ከሩቅ ይያቸው፤ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ በትንፋሽና በንፍጥም ስለሚተላለፍ አፍንጫ ለአፍንጫ አይድረሱ።

ለቀጣዩ ክትባት ስትሄጂም ክሊኒኩ ወለል ላይ አታውርጂው፤ የታመመ ውሻ የሚመጣው እዚያው ነው። ክትባቱ ከፍሪጅ ሲወጣም እዪ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፣ መብራት ደግሞ እንደምታውቂው ነው። ብትጠይቂ የሚከፋው ሐኪም ካለ ሌላ ፈልጊ። ቡቺ ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ደም የቀላቀለ የሚሸት ተቅማጥ ካየሽ ደግሞ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይዘሽው ሩጪ። የሚያድነው ቶሎ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በርበሬ ሆዱን ከማቃጠል በቀር ምንም አይፈይድም። ጨለማ ውስጥ ታስሮ ያደገ ውሻ ሌባውን ከቤቱ ልጅ አይለይም። ሰንሰለቱን በጥሶ የአከራዩን ልጅ የነከሰ ውሻ ክሊኒክ አምጥተውልኝ ያውቃሉ፤ ጠባቂ ይሁን ተብሎ እንዲሁ ነበር ያደገው። ሰው የለመደ ውሻም ሌሊት አጥር የሚዘልን ሰው ዝም አይልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ዶክተር፣ እጅ ይባረክ። እዚህ ሜሪላንድ ቡችላ ስናሳድግ እኛም ይኸው ጥያቄ ነበረብን። የእንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የአቋም መግለጫ ቡችላ ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ የቡችላ ትምህርት ክፍል ሊገባ ይችላል ይላል። የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ዙር ክትባት ክፍሉ ከመጀመሩ ሰባት ቀን በፊት እንዲወስድና የመጀመሪያውን የትል መድኃኒት እንዲያገኝ ነው። እኛ የገባንበት ክፍል በር ላይ ካርድ ያያሉ፣ ወለሉም ይታጠባል። ግን እዚህ መንገድ ላይ የሚዞር ውሻ ስለሌለ የእኛን እንዳለ ወደ ሰሚት መገልበጥ አይቻልም። እዚህም ቢሆን የውሻ መናፈሻና የእንስሳት ዕቃ መደብር ወለል ክትባት ላልጨረሰ ክልክል ነው ያሉን።

እኔ ዘንቢል ስላልነበረኝ በልጄ አንቀልባ አዝዬው ነበር የሐበሻ ገበያ የምሄደው። አንዲት እናት ቀረብ ብለው «ስንት ወሩ ነው?» ብለው ገለጥ ቢያደርጉት ጆሮ! ሦስት ጊዜ አማተቡ። ቡችላው ግን ነጠላ የለበሰ ሰው ዛሬም አይፈራም።

የሰሚቷ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘንቢሉን ዛሬ ሞከርነው። ባጃጁን ምንም አላለም፣ ሚክሰር የጫነው ትልቅ መኪና ሲያልፍ ግን ዳቦውን ተፋው፤ ወዲያው ይዤው ገባሁ። ጋሼ፣ ምክርዎን በአክብሮት ሰምቻለሁ፣ በርበሬው ግን ይቅርብን።

ዶክተር፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ። ሲጫወቱ ትንሹን ልጄን ጣቱ ላይ ነክሶት ትንሽ ደማ። ቡችላ ስለሆነ ምንም አይደለም አይደል? የእብድ ውሻ ክትባት ገና አልተሰጠውም።

ባለ ስቴትስኮፑ

«ቡችላ ስለሆነ» የሚባል ነገር የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላንም ይይዛል፣ ቡቺ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደነካው ማንም አያውቅም። ቁስሉን አሁኑኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢው። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅጠል ምንም አይደረግበት። ዛሬውኑ ልጁን ጤና ተቋም ውሰጂውና ውሻው ያልተከተበ መሆኑን ንገሪያቸው፤ ክትባት ይጀመር አይጀመር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ቡቺን 10 ቀን ከዓይንሽ አታርቂው፤ ከታመመ ወይም ከሞተ ለጤና ተቋሙም ለእኛም ወዲያው አሳውቂ። የእሱን የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው እናስይዘዋለን።

ከጨዋታ ንክሻው ደግሞ ልጁ እጁን እየነጠቀ ከሮጠ ይብስበታል። ጥርሱ ሲነካው ጨዋታው ይቁም፣ ልጁ ዝም ብሎ ተነሥቶ ይሂድ፣ በጣቱ ፈንታ ገመድ ወይም ያረጀ ካልሲ ይስጡት። ከጤና ጣቢያ ስትመለሺ ያሉሽን ጻፊልኝ።