ለክፉ ቀን የጋራ ዕቅድ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፣ እስከ ቅዳሜ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊ፦
ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ኮሚናል ቤቱ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ለቃቅሜ ጻፍኩት። መነሻችን አጭር ነው፤ ኑሮ ሲከፋ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከሚንገበገብ፣ የሚቻለውን ያህል በጋራ ራሳችንን እንቻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። እዚህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዶላር በእጁ የነካ ብዙ ሰው የለም። የዘይቱን ዋጋ ግን ባለሱቁ ነገረን።

ረቂቁ ላይ ያለው፦ ከብሎክ 9 ጀርባ 50 እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ጎመንና ቆስጣ በጆንያ፣ ጤፍ በጋራ መግዛት። መነሻ ገንዘቡ ከእድራችን በብድር ይወጣል ብያለሁ። ሳትራሩ ቀጥቅጡት።

ብሎክ 9፦
የዶሮው ሐሳብ የኔ ነው። መንግሥትም የሌማት ትሩፋት ብሎ ከ2015 ጀምሮ እየገፋው ነው። ቦታ አለ፣ ሥራ የፈታ ጉልበትም አለ። እንቁላል ደግሞ በየቀኑ ይሸጣል። ምን እንጠብቃለን?

ብሎክ 4፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን አልጠላሁትም። ግን እኔም በ2012፣ በኮሮና ጊዜ ሥራ ስፈታ እንዳንተው ብዬ 60 ቄብ ገዝቼ ነበር። ያመጣልኝ ሰው «ተከትበዋል» አለኝ። ወረቀት አልጠየቅኩም። አንድ ጠዋት ስገባ ሁለቱ አንገታቸው ተጠማዞ ይዞራሉ፤ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ኩስ። ፈንግል። በአራት ቀን 41 ቀበርኩ። የቀሩትን ማንም አልገዛኝም።

በሽታውን እንኳ እንተወው፣ ክትባት አለው። ሒሳቡን እንይ። አንዷ ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። ሃምሳው በቀን 6 ኪሎ፣ በወር 180 ኪሎ። ሁለት ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረው። መኖው ከየት ይመጣል? ከገበያ። ታዲያ ራሳችንን ቻልን ወይስ አንድ የምንቀልበው ጨመርን? ከጫጩት ከጀመርን ደግሞ የመጀመሪያው እንቁላል አምስት ወር ገደማ ያስጠብቀናል።

እትዬ ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 2)፦
ልጆቼ፣ የእድሩን ብር አትንኩ። የለቅሶ ነው። ሌሊት ሰው ሲሞትብን ለድንኳኑ «ዶሮዋ እስክትጥል ታገሱን» ልንል ነው እንዴ? ይሄ ከወጣ እኔን ከገንዘብ ያዥነት አውርዱኝ።

በደርግ ጊዜ ለስኳርና ለሳሙና ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፈናል። ያኔ ቤቱን ያቆመልን ጥር ላይ የገባ ጤፍ፣ የተከካ ሽሮና የደረቀ በርበሬ ነው። ዶሮማ ለበዓል ትምጣ። ጤፉን አስቀድሙ።

ጸሐፊ፦
እትዬ፣ እድሩን አሁኑኑ ሰረዝኩት። ጤፉን እንዴት እንደምናደርገው ግን ይዘርዘር።

ብሎክ 11፦
እኔ ልዘርዝር። አዲሱ ምርት ታህሳስና ጥር ላይ ገበያ ይገባል። እኛ የምንገዛው ግን ብር ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜ ክረምት ላይ፣ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ። ብሩ በወቅቱ እንዲገኝ ከመስከረም እስከ ታህሳስ እንደ እቁብ እናዋጣ፤ ዕጣ ግን የለውም። 50 ቤት አንዳንድ ኩንታል ቢል አንድ አይሱዙ ይሞላል። ደላላ ሳይገባበት ከገበሬ ማኅበር ማምጣት ይቻላል።

ማኛ ካልሆነ የምትሉ፣ እባካችሁ። ሰርገኛ ይሁን፣ ይረክሳል። ዱቄትም አንገዛም፤ ጄሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ስንት ጊዜ ሰማን? እህሉን አይተን፣ አበጥረን፣ ራሳችን እናስፈጭ።

ብሎክ 6፦
ማከማቻውስ? ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። የኮሚናሉ ወለል ክረምት ላይ ያልበዋል፣ ስለዚህ ከወለሉ በእንጨት ይነሳ፣ ከግድግዳውም ይራቅ። ሽምብራና ባቄላ ከጨመርን ግን ነቀዙ ይጨርሰዋል፤ ለነሱ አየር የማያስገባው ድርብርብ ከረጢት ይገዛ።

የኮሚናሉ ቆርቆሮ 60 ካሬ ገደማ ነው። በአንድ ዝናብ 10 ሚሊ ሜትር ቢወርድበት 600 ሊትር ነው፤ የሚፈሰውን ቀንሰን እንኳ የሮቶውን ግማሽ ይሞላል። አሸንዳ ብቻ ነው የጎደለው። ለጎመኑ ይበቃል፤ ለመጠጥ ግን አይደለም። ከፍሳሽ መስመሩ ጠልፎ የሚያጠጣ እንዳይኖር ይጻፍበት፤ በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣውን አትክልት እያማን ራሳችን እንዳንደግመው።

ብሎክ 4፦
ስለ ጆንያው አንድ ነገር። መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር ካልተደረደረ ውሃው ከላይ ይቀርና ታችኛው ጎመን ይደርቃል። ጆንያውን ጎን ጎኑን በስታችሁ ችግኙን እዚያ ትከሉ። ቅጠሉን ከሥር ከሥር እየቀነጠሳችሁ ብሉ፤ ነቅላችሁ እንዳትጨርሱት።

ብሎክ 9፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። በማኅበር ስም መሆኑ ይቅር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በራሳችን ብር አሥር ዶሮ እንሞክር? ኩሱን ለጎመኑ በነፃ እንሰጣለን። ክትባቱን ራሴ ቆሜ አስወጋለሁ፣ ወረቀቱንም አሳያለሁ።

ብሎክ 4፦
ይሄ ይሻላል። ኩሱ ግን ሳይብላላ ለችግኝ አይሰጥም፣ ያቃጥለዋል።

እትዬ ገንዘብ ያዥ፦
ከብሎክ 9 መስኮት ራቅ ይበል። ሽታው ያጣላናል።

ጸሐፊ፦
የተስተካከለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ጤፍ፦ ከመስከረም እስከ ታህሳስ መዋጮ፣ ጥር ላይ ግዢ፣ ከእድሩ በተለየ የባንክ ደብተር። የአንድ ኩንታሉን መክፈል የማይችል ቤት ግማሽ ኩንታል ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ አሸንዳና ጎመን፤ ይሄ ከዚህ ክረምት ሳያልፍ። ዶሮው የግል ሙከራ ነው፣ በስድስት ወሩ እናየዋለን።

ብሎክ 11፦
የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ይሆናል? ይሄ ሳይጻፍ አልፈርምም። አንድ ሰው ጋ ከሆነ፣ ኩንታሉ ባይጎድል እንኳ ሐሜቱ አይቀርም።

ጸሐፊ፦
ልክ ነህ። ሦስት ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ሦስት የተለያየ ብሎክ። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም።

እትዬ ገንዘብ ያዥ፦
ሚዛኑን ከኔ ቤት ውሰዱ። ጉልት ስሸጥ የነበረው ነው፣ አይዋሽም። ብቻ የሚሸከም ወጣት ላኩልኝ፤ አራተኛ ፎቅ ነኝ።

ብሎክ 9፦
እኔ እመጣለሁ፣ እትዬ።