ክርክር፦ የቧንቧ ውሃ ለድሃው በነጻ ይሁን ወይስ ሁሉም ይክፈል?

የጣና ልጅ፦ ሐምሌ 2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹህ ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ በ122 ድምፅ አጸደቀ። 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ አንዷ የእኛዋ ኢትዮጵያ ነበረች! ዛሬም ከ2 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ደህንነቱ የተረጋገጠ ውሃ አያገኝም። መብት ከሆነ ድሃው ለምን ይከፍላል?

አባይ ማዶ፦ መብት ሁሉ ነጻ ነው ያለህ ማነው? የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ላይ «አቅም በፈቀደ መጠን» ነው የሚለው። ፓምፑ መብራት ይበላል፣ ክሎሪን ይገዛል፣ የፈነዳ መስመር ይጠገናል። ካዝና ሲደርቅ ቀድሞ ውሃ የሚጠፋው ዳር ካለው ሰፈር ነው። ያኔ በጋሪ የመጣ ጀሪካን በስንት እጥፍ ትገዛለህ።

የጣና ልጅ፦ ጣና አፍንጫችን ሥር ተኝቶ ጀሪካን እንግዛ?

ወለላ፦ ወንድሜ፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ይዘውት የሚገቡትን ደለል አይተሃል? ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማዝቀጥና ማጣራት ግድ ነው። ቅርብ ስለሆነ ርካሽ አይሆንም። ከተማችን ባሕር ዳር ከምንጭና ከጉድጓድ የምትጠጣው ወዳ አይደለም።

እማማ ተከራይ፦ ሁላችሁም የራሳችሁ ቆጣሪ ያላችሁ ትመስላላችሁ። እኛ ግቢ ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነን። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ጥቂት የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። ለድሃ ታስቦ ነው አሉ። የስድስታችን ሲደመር ግን ቆጣሪው አንድ ሀብታም ሣሩን ሲያጠጣ የከረመ ይመስለዋል፣ ውዱ እርከን ላይ ያወጣናል። አከራዩ ሒሳቡን በነፍስ ወከፍ ያካፍላል፤ ባለፈው የወለደችው ጎረቤቴ ገና ጡት ለሚጠባው ልጇም ከፈለች። የመጀመሪያው እርከን ነጻ ይሁን ብትሉ እኛ እሱን በሳምንት እናልፈዋለን። ዋጋ ይጨመር ብትሉ ደግሞ ያው እኛው ነን።

አባይ ማዶ፦ እትዬ፣ ታዲያ ለየቤቱ ቆጣሪ ይግባ!

እማማ ተከራይ፦ ማን ከፍሎ? ለተከራይ ብሎ አከራይ? ይልቅ በአንድ ቆጣሪ ሥር ስንት አባወራ እንዳለ ይመዝገብና ርካሹ እርከን በዚያው ይባዛ።

ወለላ፦ ያስኬዳል። ግን ስድስት ተከራይ አለኝ ብሎ የሚያስመዘግበው ማነው? የኪራይ ግብሩስ?

እማማ ተከራይ፦ አከራዩን ማን ጠየቀው? የቀበሌ መታወቂያችን ይቆጠር።

የጣና ልጅ፦ መታወቂያ የሌለውስ? ከገጠር ትናንት የገባው የቀን ሠራተኛ?

እማማ ተከራይ፦ እሱማ ከእኔ ጀሪካን ነው የሚቀዳው፤ በእኔ ላይ ይቆጠር።