የሳልታሹ የባቡር ድልድይ ቅርጹ ለምን እንዲህ ሆነ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ፕሊመዝንና ሳልታሽን የሚያገናኘውን የሮያል አልበርት ድልድይ ፎቶ ካየሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም። ከላይ ግዙፍ የብረት ቱቦ ጎብጦ፣ ከሥሩ ሰንሰለት ረግቦ ይታያል። ተንጠልጣይ ነው ወይስ ቅስት? ደግሞ ያን የሚያህል ድልድይ ሐዲዱ አንድ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ 1
ሁለቱንም ነገር ነው፣ ተንጠልጣይም ቅስትም። የባሕር ኃይሉ መርከቦች በታማር ወንዝ ላይ እንደ ልብ እንዲያልፉ 30 ሜትር ያህል ከፍታ እንዲተው አዘዘ። ተራ ተንጠልጣይ ድልድይ ደግሞ ሰንሰለቱን ከዳርና ዳር መሬት ላይ ማሰር ይፈልጋል፣ እዚህ ግን ሐዲዱ በሁለቱም በኩል ስለሚታጠፍ ማሰሪያ የሚሆን ቦታ የለም። ስለዚህ መሐንዲሱ ብሩኔል ራሱን በራሱ የሚይዝ ነገር ሠራ። ቀስት ወጥረህ ታውቃለህ? እንጨቱ ልዘርጋ ይላል፣ ጅማቱ ይይዘዋል። ቱቦው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ምሰሶው የሚሸከመው ቀጥታ ወደ ታች የሚመጣውን ክብደት ብቻ ነው። አንድ ሐዲድ የሆነው ገንዘብ ስላጠረ ነው፣ መጀመሪያ የታሰበውስ ሁለት ነበር።

መልስ 2
ከሰንሰለቱ ከፊሉ ለሌላ ድልድይ የተሠራ መሆኑንስ ታውቃላችሁ? የብሩኔል የክሊፍተን ድልድይ ገንዘብ አልቆበት ሲቆም ሰንሰለቱ ተሸጦ እዚህ መጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን አሰቃቀሉ ነው። እያንዳንዳቸው 139 ሜትር የሚረዝሙት፣ ቱቦና ሰንሰለት ያላቸው ሁለቱ የድልድዩ አካላት ወንዙ ዳር ተገጣጠሙ፣ ክብደታቸው ከ1,000 ቶን በላይ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1857 በጀልባዎች ላይ ተንሳፎ ወደ ቦታው ተወሰደ። ብሩኔል ከላዩ ቆሞ በባንዲራ ምልክት ይሰጣል፣ ሕዝቡ ጸጥ እንዲል ተነግሮታል፣ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያል። ከዚያ በሃይድሮሊክ ጃክ በየተራ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ እያደረጉ ምሰሶውን ከሥሩ ይገነቡ ነበር።

መልስ 3
የመሃሉን ምሰሶ አትርሱት እንጂ! አለቱ የሚገኘው ከወንዙ ጭቃ ሥር ነው፣ ውሃው ሲሞላ 26 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ግዙፍ የብረት ሲሊንደር አሰጥመው፣ ውሃውን በፓምፕ አውጥተው፣ ሰዎች እዚያ ውስጥ ወርደው ድንጋይ ሲደረድሩ አስቡት።
መጨረሻው ግን ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1859 ልዑል አልበርት መርቆ ሲከፍተው ብሩኔል ታሞ አልተገኘም። በኋላ ነው ክፍት ፉርጎ ላይ ሶፋ አድርገውለት፣ ጋደም እንዳለ ድልድዩን የተሻገረው። በዚያው ዓመት መስከረም አረፈ። ስሙን ከሐዲዱ በላይ በትልልቅ ፊደል ጻፉለት፦ «አይ. ኬ. ብሩኔል፣ መሐንዲስ፣ 1859»።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ ወገኖቼ። አሁን ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ባቡሩ ከሥሩ እያለፈ ነው።