የአገልግሎት ሰዓቱ ፎርም መሙላት ብቻ ሆኗል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሃይማኖት መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ደንብ አለ። ፎርሙ ይሞላል፣ ማኅተም ይመታል፤ ተማሪው ግን ምን እንዳገኘበት ሲጠየቅ «ወንበር ደረደርን» ከማለት አያልፍም። ሱባኤው፣ ቅዳሴውና አገልግሎቱ ለየብቻ የሚሄዱ ነገሮች ሆነዋል። እንዴት ይገናኙ? ካቶሊክ ያልሆኑ ተማሪዎችስ?

መልስ፦ አስተባባሪ

መምህር፣ ሰዓቱን አያጥፉት፤ አይበታተን እንጂ። ከ40ው 30ው አንድ ቦታ ላይ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰዓት ማለት 15 ጉብኝት ነው፤ የትምህርት ዓመቱን ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። አረጋውያን መጦሪያ የሚመላለስ ልጅ በሦስተኛው ጉብኝት ላይ የሰዎቹን ስም ያውቃል፣ እነሱም ያውቁታል። አንድ ቀን ግድግዳ ቀብቶ የተመለሰ ይህን አያገኝም።

ፊርማው የተቋሙ ኃላፊ ይሁን፣ የዘመድ አይሁን። ሰዓቱም በዕለቱ ይመዝገብ። የዓመቱ ቀናት ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ የእጅ ጽሑፍ ከተሞሉ ፎርሙ በአንድ ምሽት የተሠራ ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ሥራውን የሚወስነው ተቋሙ ነው፤ ትምህርት ቤቱ «ልብስ እናምጣ» ብሎ ሲነሣ እዚያ የጎደለው ልብስ ላይሆን ይችላል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ሁለት አዋቂዎች አብረው ይሂዱ፤ ተማሪ ከተገልጋይ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይቀመጥ። ፎቶ የለም። «ነገም እመጣለሁ» የሚል ቃል መግባትም የለም፤ የማይፈጸም ተስፋ ብዙ ይጎዳል።

ዋናው ግን ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሆነው፣ ለ25 ደቂቃ ይቀመጡ። ሳምንት ካለፈ የሚመጣው መልስ የተለመደው «ብዙ ተምረናል» ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ የኅሊና ምርመራ ለዚህ ይመቻል፦ ማመስገን፣ ብርሃን መለመን፣ ሰዓቱን መከለስ፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ለሚቀጥለው መወሰን። «ምን ተማርክ?» አይበሏቸው። «ማን አነጋገረህ? የቱ ጋ ዞር ማለት ፈለግህ?» ብለው ይጠይቁ። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል «ይህ ችግር ለምን ኖረ?» የሚለውን ይጨምሩ። ቤልጂየማዊው ካህን ጆሴፍ ካርዲን ለወጣት ሠራተኞች ያስተማሩት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም በ1961 እ.ኤ.አ. በሐዋርያዊ መልእክታቸው ያጸኑት «ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ» የሚባለው መንገድ እዚህ ላይ ይሠራል።

መልስ፦ ቀኖና አንባቢ

ስለ ምሥጢራቱ ልጨምር። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁጥር 748 ማንም ያለ ኅሊናው ፈቃድ እምነቱን እንዲቀበል መገደድ የለበትም ይላል። ስለዚህ ኑዛዜም ቁርባንም ነጥብ ወይም ሰዓት አይታሰብባቸው። ለቁርባን በየረድፉ ማስነሣትም ይቅር፤ የማይቆርበው ልጅ ብቻውን ተቀምጦ የክፍሉ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቅዳሴው ሰዓት ነው። በላቲን (በሮማ) ሥርዓት ከቁርባን በፊት የአንድ ሰዓት ጾም አለ፤ ውኃና መድኃኒት ብቻ ይፈቀዳሉ። ቅዳሴውን ልጆች ከሚበሉበት እረፍት ቀጥሎ ማድረግ ሕጉን ማስጣስ ነው። በዚያው ሥርዓት ከሥጋ መከልከል 14 ዓመት ለሞላው፣ ጾሙ (በቀን አንድ ሙሉ ምግብ ብቻ መብላት) ደግሞ ለአዋቂ ማለትም 18 ለሞላው ነው፤ የዐቢይ ጾም መጀመሪያ በሆነው በአመድ ረቡዕ ሁሉንም ተማሪ «ጹሙ» ብሎ ማስገደድ ከሕጉ ያልፋል። የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊካውያን የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ለሱባኤ ኑዛዜ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ቢያዝ አንድ ካህን በሰዓት 12 ነው። 60 ተማሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲጨርስ ሦስት ካህናት ያስፈልጋሉ። ካህኑና ተናዛዡ የሚታዩበት ግን የማይሰሙበት ቦታ ይዘጋጅ፤ ለሌሎቹም የጽሑፍ ጸሎት ወይም የዝምታ ሥራ ይኑር፣ ያለዚያ ያልተናዘዘው ወዲያው ይለያል።

መልስ፦ የቀድሞ የዲሲፕሊን ኃላፊ

አንድ ነገር ብቻ። አርፍዶ ለመጣ ልጅ አገልግሎትን ቅጣት አድርጋችሁ አትስጡ። ድሃን መጎብኘት ከቅጣት ጋር አንዴ ከተያያዘ፣ ሱባኤ ላይ ስለ ማቴዎስ 25 («ታምሜ ጠየቃችሁኝ») የሚሰበከውን ማንም አይሰማም።

ሰባቱን የሥጋ የምሕረት ሥራዎች (ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ እንግዳ መቀበል፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት፣ ሙታንን መቅበር) ከፕሮግራማችሁ ጋር አስተያዩአቸው። ማብላትና ማልበስ ሁሉም ጋ ሞልቷል፤ የታመመን መጠየቅና የታሰረን ማሰብ ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ተማሪዎችን እስር ቤት ማስገባት ካልተቻለ በተቋሙ ካህን በኩል ደብዳቤ ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ስም ብቻ፣ ያለ አድራሻ።