ከምክር ሰዓት በሚገባ ለመጠቀም ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦

መምህር ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ ራቀኝ፤ ክፍል ገብቶ ማስተማርም ከበደኝ። ሐኪም ድባቴ መሆኑን ነግሮኝ ባሕር ዳር ወደሚገኙ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ላከኝ፤ በየሁለት ሳምንቱም እየተመላለስሁ ነው። ባለሙያው ትሑት ሰው ናቸው። ሆኖም ጤና ተጠያይቀን፣ ስለ መንገዱና ስለ ትምህርት ቤቱ ተጨዋውተን ወደ ዋናው ጉዳይ ስንቃረብ ሰዓቱ ያልቃል፤ ልናገረው ይገባኝ የነበረው ነገር ትዝ የሚለኝ ለመመለስ መኪና ውስጥ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። የመሳፈሪያው ወጪ ለደመወዝተኛ ቀላል ስላልሆነ፣ ሙያው ያላችሁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ምክራችሁን ብትለግሱኝ አመሰግናለሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የገለጹት ነገር በሙያችን በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ከባዱን ጉዳይ የሚያነሣው ለመውጣት ሲነሣ ነው። አንድ የምክር ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ስለሚሆን፣ በእኛ አገር ወግ ሰላምታው የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ሁሉ ካዳረሰ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንደተቀመጡ «ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለዚህ ጉዳይ ነው» ብለው ይጀምሩ። ይህ በሽማግሌ ፊት ነውር ሊመስል ቢችልም፣ ባለሙያው በደስታ እንጂ በቅሬታ አይቀበሉትም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን እዚህ የጻፉትን ቅሬታ ለባለሙያው ለራሳቸው መንገር ነው። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በባለሙያና በታካሚ መካከል ያለው የሥራ ትስስር በሦስት ነገሮች እንደሚቆም አስረድቷል፤ እነርሱም በግቡ ላይ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚያደርሱት ተግባራት ላይ መስማማትና በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ናቸው። ከአጻጻፍዎ እንደምረዳው መተማመኑ አለ፤ ግቡ ግን ገና አልተነገረም። «እንቅልፌ እንዲመለስና ያለ ጭንቀት ክፍል እንድገባ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ግብ ነው። ለውጡን ለመከታተልም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከት፣ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መጠይቅ በአማርኛም ስላለ፣ በየጊዜው እንዲሞሉት ባለሙያውን ይጠይቁ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ስለሚሆን መሻሻሉን ወይም መባባሱን አብራችሁ ታያላችሁ።

አንዲት እናት፣ ከቢቸና፦

ባለሙያው ያሉት ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ስላሉት ቀናት ነው። እኔን የጠቀመኝ ክፍሉ ውስጥ የተነገረው ብቻ ሳይሆን፣ የምክር ባለሙያዬ እየሰጠችኝ በቤቴ የሠራሁት ሥራ ጭምር ነው። እኔም ሐዘን ደርሶብኝ የተውሁትን የማኅበር ጽዋ እንድመለስበት፣ ከዚያም ከመሄዴ በፊትና ከተመለስሁ በኋላ የተሰማኝን በአንድ መስመር እንድጽፍ አዘዘችኝ። መጻፉ ግን ይመጠን፤ ደብተር ሙሉ ጽፎ እርሱን ሲያነቡ መዋል ሰዓቱን ወደ ሪፖርት ይለውጠዋል።

ደግሞም በእኛ ዘንድ አርባው ከወጣ በኋላ ሐዘንተኛው ዝም እንዲል ይጠበቃል፤ ወንድ ከሆነማ የባሰ ነው። እርስዎም ስለ መንገዱ የሚያወሩት ስለ አባትዎ መናገሩ ጊዜው ያለፈበት ስለመሰለዎት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ያ የምክር ክፍል ከአርባ በኋላም ማልቀስ የሚፈቀድበት ነው። ወሬው ይወጣል ብለው ከሰጉም ስለ ምሥጢር አጠባበቁ በግልጽ ይጠይቁ፤ በራስ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካልታየ ወይም ሕግ ካላስገደደ በቀር የሚናገሩት ከባለሙያው እንዳይወጣ የሙያው ሥነ ምግባር ያዛል።

አባል፣ ከዳንግላ፦

ጸበል የሚጠመቁ ወይም የሚጾሙ ከሆነ አይደብቁ። የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘልዎት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ «አልሠራልኝም» ወይም «ጸበል ጀምሬያለሁ» ብለው በድንገት እንዳያቋርጡት፤ በጾም ወቅት የሚወስዱበትን ሰዓት ማስተካከል ቢያስፈልግም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ አባቴ የመናገሩ ነገር እውነት ነው፤ እስካሁን ስሙን እንኳ አላነሣሁም። ለመሆኑ አንዱን ቀጠሮ በስልክ ማድረግ ይቻላል? ወጪውን ያቀልልኝ ነበር።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ፦

ብዙዎች ይፈቅዳሉ፤ ይጠይቋቸው። ሰው የማይሰማዎት ክፍል ማግኘት ግን ግድ ነው፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ለዚህ አይሆንም። ስለ አባትዎ የሚናገሩበትን የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግን ከተቻለ በአካል ያድርጉት። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ዕለቱን ይሂዱ።